ብልጭ ድርግም የሚለው መብራት

ባለፈው ክረምት አንድ ማታ ከዳንግላ ወደ እንጅባራ በሚሄድ ሚኒባስ ተሳፍሬ ነበር። ከከተማው ወጣ እንዳልን የጣሪያው መብራትና በሾፌሩ ፊት ባለው ሰሌዳ ላይ ያሉት ትናንሽ መብራቶች ሁሉ ባንድነት ብልጭ ድርግም ማለት ጀመሩ። ሾፌሩ እንደ ልማዱ ሰሌዳውን በጥፊ መታው። መብራቱም እንደ ተገሠጸ ልጅ ጥቂት ጸጥ ብሎ ቆየና መልሶ ጀመረው።

አንባቢ ሆይ፤ የአዊን ክረምት ያየ ሰው ይህ ነገር ለምን እንዳስጨነቀኝ አይጠፋውም። ወደ እንጅባራ በቀረቡ ቁጥር ጉሙ እመንገዱ ላይ ይተኛል። ባስፋልቱ ጠርዝ ከገበያ የሚመለስ ሰው፤ ፈረስና በግ ይጓዛል። ከፊት ለፊት ደግሞ የዲከረንስ ከሰል የጫነ አይሱዙ ይመጣል። በዚህ መካከል የፊቱ መብራት እንደ ጣሪያው ድርግም ቢል ምን እንደሚከተል ለመገመት መማር አያስፈልግም።

እኔ ግን ዩኒቨርሲቲ የጨረስሁ ነኝና ዝም ማለት አልቻልሁም። «ባትሪው አልቋል፤ ይለወጥ» አልሁ።

«ወንድሜ፤ ባትሪውን ባለፈው ወር ነው የለወጥሁት፤ ዕዳውን ገና አልጨረስሁም። አምፑሉንማ ሁለት ጊዜ ቀይሬዋለሁ» አለ ሾፌሩ።

ዕድሜያቸውን በወፍጮ ሞተር ላይ ያሳለፉ አንድ ሽማግሌ አጠገቤ ተቀምጠው ነበር። «ልጄ» አሉት፤ «አንድ ክፍል ሲጨልም አምፑሉ ነው፤ ቤቱ በሙሉ ሲጨልም ግን ከቆጣሪው በኩል ነው።»

ነገሩ እውነት ነው። ጤነኛ ባትሪ ሞተሩ ሳይነሣ 12.6 ቮልት ያህል ይይዛል። ሞተሩ ሲነሣ ዲናሞው ሥራውን ይረከብና ከ13.8 እስከ 14.5 ቮልት ድረስ ይሰጣል። መብራቱ የሞተሩን ፍጥነት እየተከተለ የሚደምቅና የሚደበዝዝ ከሆነ ዲናሞውን ወይም የላላ ቺንጋ መጠርጠር ነው። መኪናው በተንገጫገጨ ቁጥር የሚጠፋ ከሆነ ግን የላላ ማሰሪያ አለ። ኤሌክትሪኩ ከባትሪው ሲወጣ በሽቦ ይሄዳል፤ ሲመለስ ግን የመኪናውን አካል ራሱን እንደ ሽቦ ይጠቀምበታል። አካሉን ከባትሪው ጋር የሚያገናኘው ጥቁር ሽቦ ከላላ ወይም ከዛገ መብራቶቹ ሁሉ መመለሻ ያጣሉ። (በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው መኪና ለአጤ ምኒልክ ሲመጣ ይህ ጣጣ ብዙም አይታወቅም ነበር፤ የዚያ ዘመን መኪና የሚያበራው ባብዛኛው በጋዝና በዘይት ፋኖስ ነበርና።)

እኔን የሚቆጨኝ ገንዘቡ ነው። አምፑል የሚሸጥ ሱቅ በየከተማው ሞልቷል፤ ሳይገዛ በፊት ሽቦውን ነቅንቆ የሚያይ ግን ጥቂት ነው።

አዲስ ቅዳም ስንደርስ ሾፌሩ ከአንድ ሱቅ መብራት ሥር አቁሞ ሞተሩን አጠፋ። ሽማግሌው ወርደው ጥቁሩን ሽቦ ቢነኩት እንደሚወልቅ ጥርስ ተነቃነቀ። ማሰሪያው በነጭ ዱቄት ተሸፍኗል። ሾፌሩም በአሥር ቁጥር ቁልፍ ጥቁሩን አስቀድሞ፤ ቀዩን አስከትሎ ፈታቸው፤ በብርጭቆ ወረቀት ፈተገና ቀዩን አስቀድሞ አጥብቆ አሰረ። ሩብ ሰዓትም አልፈጀበት። ከዚያ በኋላ እስከ እንጅባራ ድረስ አንዱም መብራት ዓይኑን አልጨፈነም።

ስንወርድ ሾፌሩ ከሽማግሌው የመሳፈሪያ ዋጋ አልቀበልም አለ። ከእኔ ግን አንድም ሳንቲም ሳይቀንስ ተቀበለ።