ከስንቁ ጋር የሚያዝ መድን

የዐቢይ ጾም እኩሌታ ሲያልፍ በአንዳንድ ቤተሰብ ዘንድ ከዓመት በዓሉ ሸመታ የተለየ ዝግጅት ይጀመራል። ኢየሩሳሌምን ለመሳለም ለዓመታት ሲመኙ ለኖሩ አባት ወይም እናት ልጆች ገንዘብ ያዋጣሉ፤ ፓስፖርት ይወጣል፤ በሶውና ዳቦ ቆሎው ይሰናዳል፤ ነጩ ልብስ ታጥቦ ይታጠፋል። በዚህ ሁሉ መካከል እምብዛም የማይነሣ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም እኒህ አረጋዊ በሰው አገር ሳሉ ድንገት ቢታመሙ የሕክምናውን ዋጋ ማን ይከፍላል የሚለው ነው። ጥያቄውን ማንሣት ሟርት የሚመስለው ሰው ጥቂት አይደለም።

ጉዞው ግን ለአካል ቀላል አይደለም። የአሮጌዋ ከተማ መተላለፊያዎች ጠባብና ደረጃ የበዛባቸው ናቸው። የኢትዮጵያውያን መነኮሳት የሚኖሩበት የዴር ሡልጣን ገዳም በጎልጎታው ቤተ ክርስቲያን ጣሪያ ላይ የሚገኝ በመሆኑ ወደዚያ ለመድረስም መውጣት መውረድ አለ። በቀዳም ሥዑር ምእመናን ለረጅም ሰዓት በግፊያ መካከል ይቆማሉ። 55 ቀን በጾም የከረመ የስኳር ወይም የደም ግፊት ሕመምተኛ በዚህ ሥፍራ ቢዝለፈለፍ ሊያስገርም አይገባም። እስራኤል ከእ.ኤ.አ. 1995 ጀምሮ በሥራ ላይ ያዋለችው የጤና መድን ሕግ የሚያገለግለው የአገሪቱን ነዋሪዎች ነው፤ እንግዳው ለተኛበት አልጋም ሆነ ለተደረገለት ምርመራ ራሱ ይከፍላል።

በአገር ቤት ያለ ሰው የሚተማመንበት አጥቶ አይደለም። እድሩ አለለት፤ የማኅበረሰብ አቀፍ የጤና መድን መታወቂያም በብዙ ቤተሰብ እጅ ገብቷል። ሆኖም መታወቂያው የሚሠራው ውል በተገባባቸው የአገር ውስጥ የጤና ተቋማት ስለሆነ፣ አውሮፕላኑ ከቦሌ ከተነሣ በኋላ ጥቅም የለውም። የጉዞ መድንን ለማስረዳት ግን ከእድር የተሻለ ምሳሌ አይገኝም። ብዙዎች ጥቂት ጥቂት ያዋጣሉ፤ አደጋ የደረሰበት ከተዋጣው ይረዳል። ልዩነቱ እድርተኛ ጎረቤቱን ያውቃል፣ ይራራለታልም፤ መድን ሰጪው የሚያውቀው ውሉን ብቻ ነው።

በአውሮፓ ልጅ ባላቸው ወላጆች ዘንድ ደግሞ ሌላ ስሕተት ይታያል። ልጄ የጤና ካርድ ስላለው እኔም በእሱ እታከማለሁ የሚሉ አሉ። የአውሮፓ የጤና መድን ካርድ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ በነፃ የሚሰጥ ሰማያዊ ካርድ ነው። በአንዱ አገር መድን ያለው ሰው ለአጭር ጊዜ ወደ ሌላው ሲሻገር፣ አስፈላጊውን የመንግሥት ሕክምና በዚያ አገር መድን ገቢዎች ደንብና ዋጋ እንዲያገኝ ያስችለዋል። የተሰጠውም ለራሱ ለባለካርዱ ነው፤ ከአዲስ አበባ ለጥየቃ የሄዱ እናት በልጃቸው ካርድ አይታከሙም። ባለካርዱም ቢሆን የግል ሆስፒታልንና ወደ አገር የመመለሻን ወጪ በካርዱ አይሸፍንም። የኢትዮጵያ ዜግነታቸውን እንደያዙ በጀርመን ወይም በጣልያን የሚኖሩ ወገኖቻችንም ልብ ሊሉት የሚገባ ነገር አለ፤ የአውሮፓ ኅብረት ዜጋ ያልሆነ ባለካርድ በመሠረቱ በዴንማርክ፣ በኖርዌይ፣ በአይስላንድ፣ በሊክተንስታይንና በስዊዘርላንድ በካርዱ ሊታከም አይችልም። ስደተኝነቱ ለታወቀለት ሰውና ለኅብረቱ ዜጋ ቤተሰብ ግን ደንቡ ይለያል።

ስለዚህ ለጥየቃ የሚሄዱት ወላጅ የሚያስፈልጋቸው የጉዞ መድን ነው። የሼንገን አገሮች ይህን ለምርጫ አልተዉትም። የአጭር ጊዜ ቪዛ የሚጠይቅ ሰው ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው፣ በሁሉም የሼንገን አገሮች የሚጸናና የቆይታውን ጊዜ በሙሉ የሚያካትት የመድን ሰነድ ማቅረብ አለበት። ልጁ ባለበት አገር ሆኖ በወላጁ ስም ሊገዛው ይችላል። አሜሪካ ለጎብኚ ቪዛ እንዲህ ያለ ግዴታ አትጥልም፤ አስፈላጊነቱ ግን በዚያ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ1986 የወጣው ሕግ ድንገተኛ ክፍል ያላቸው ሆስፒታሎች ሕመምተኛውን ገንዘብ የለህም ብለው ሳይመረምሩና ሳያረጋጉ እንዳይመልሱት ይከለክላል፤ ሒሳቡን ግን አይሠርዝም።

ሰነዱን ለኤምባሲ ማሳያ ብቻ ብሎ የሚገዛ ሰው ብዙ ነው። ርካሹ ይመረጣል፣ ማኅተሙ ይታያል፣ ውስጡ ሳይነበብ ይታጠፋል። አብዛኞቹ የጉዞ መድን ውሎች ከጉዞው በፊት የነበረን ሕመም አይሸፍኑም፤ ወይም ተጨማሪ አረቦን ይጠይቁበታል። የ70 ዓመት አዛውንት ዋና ሥጋት ደግሞ ያው የቆየው ሕመም ነው። የዕድሜ ጣሪያ የሚያስቀምጥ ውልም አለ። አረቦኑ እንዳይጨምር በማሰብ የእናቱን የስኳር ሕመም ደብቆ ቅጹን የሚሞላ ልጅ ገንዘብ የቆጠበ ይመስለዋል። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የንግድ ሕጋችን፣ መድን ገቢው የአደጋውን ግምት የሚለውጥ ነገር ሆን ብሎ ቢደብቅ ውሉ ፈራሽ እንደሚሆን ደንግጓል። ሐኪሙ የደማቸውን ምርመራ ባነበበ ጊዜ ምስጢሩ ይገለጣል፤ ክፍያውም ወደ ልጁ ይመለሳል። ጦርነትና ሁከት ያደረሱትን ጉዳትም ብዙ ውሎች ከሽፋን ውጭ ያደርጉታል። ወደ ኢየሩሳሌም ለሚጓዝ ሰው ይህ አንቀጽ ታልፎ የሚነበብ አይደለም።

ከዚህ ሁሉ በቤተሰብ ፊት ለመናገር የሚከብደው የአስከሬን መመለስ ነው። በእኛ ዘንድ ሰው ፍትሐት ተደርጎለት በአጥቢያው ቤተ ክርስቲያን፣ ከወላጆቹ መቃብር አጠገብ እንዲያርፍ ይፈለጋል። አስከሬን በአውሮፕላን ለማምጣት የታሸገ ሣጥን፣ የሐኪም ማስረጃና የኤምባሲ ወረቀት ያስፈልጋል፤ ሁሉም ወጪ አለው። መድን በሌለበት በውጭ ያሉ ወገኖች በየቤተ ክርስቲያኑና በየማኅበሩ ገንዘብ ሲያሰባስቡ ይሰነብታሉ፤ ሐዘንተኛውም ቤተሰብ እዚህ ድንኳን ተክሎ ቀን ይቆጥራል። ይህ ወጪ በውሉ መኖሩንና እስከ ምን ያህል እንደሆነ በግልጽ መጠየቅ ነውር የለበትም።

ለጉዞው ሰሞን ሁለት ነገር ይቀራል። ኢንሱሊን ከሻንጣ ጋር ወደ ዕቃ መጫኛው ከገባ በብርድ ሊበላሽ ስለሚችል ከሐኪሙ ደብዳቤ ጋር በእጅ ይያዛል። ሁለተኛው የመድን ሰጪው የስልክ ቁጥር ነው። ብዙዎቹ ውሎች ሕመምተኛው አልጋ ከመያዙ በፊት፣ ካልተቻለም ወዲያውኑ፣ እንዲደወል ያዝዛሉ። ቁጥሩን በእጅ ስልክ ውስጥ ብቻ ማስቀመጥ አይበቃም፤ ስልኩ ይጠፋል፣ ባትሪውም ያልቃል። ከውሉ ቁጥር ጋር በወረቀት ጽፎ አንዱን ቅጂ ለጉዞው አስተባባሪ መስጠት፣ ሌላውን እናታችን ገንዘባቸውን በሚቋጥሩበት በነጠላቸው ጫፍ ማሰር ይቻላል።