«ኔት የለም!» ከማለታችሁ በፊት

ዛሬ በየቤቱ ብዙዎቻችሁን ስለሚያጨቃጭቅ አንድ ጉዳይ እንጨዋወታለን።

አንድ የኢንተርኔት መስመር ለአራትና ለአምስት ኮምፒውተር በሚከፋፈልበት ቤት ማታ ማታ ምን እንደሚፈጠር ታውቁታላችሁ። ታላቅ እህት ነገ የምታስረክበውን ሥራ ለመምህሯ እየላከች ነው። ታናሽ ወንድም ፊልም ያወርዳል። አባት ዜና ያነባሉ። በዚህ መሀል ሁሉም ነገር ቀጥ ይላል። ከየክፍሉ «ኔት የለም!» የሚል ጩኸት ይሰማል። ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ «ምን ተበላሸ?» መሆን ሲገባው «ማን አበላሸው?» ይሆናል። ፍርዱም ብዙ ጊዜ የሚያርፈው ትንሹ ልጅ ላይ ነው። ልጁ ተቆጥቶና ተኮራርፎ ፊልሙን ቢያቆምም ኔቱ አይመለስም። የእህቱም ሥራ ሳይላክ ያድራል። ለምን? ጥፋቱ መጀመሪያውኑ እሱ ዘንድ ስላልነበረ ነዋ!

አበው «ነገርን ከሥሩ፣ ውኃን ከጥሩ» ይላሉ። «ኔት የለም» ማለት የችግሩ ስም አይደለም። መንገዱ አንድ ቦታ ላይ ተቆርጧል ማለት ብቻ ነው። የት ላይ እንደተቆረጠ በተራ ከፈተሻችሁ፣ ያለ ጥፋቱ ሰው ሳትወቅሱና ለባለሙያ ገንዘብ ሳታወጡ ብዙውን ችግር ራሳችሁ ትፈቱታላችሁ። እንዴት? እስቲ አብረን እንይ።

መንገዱን እንወቀው

ኢንተርኔት እናንተ ክፍል እስኪደርስ አምስት ቦታዎችን ያልፋል። አንደኛው ከአገልግሎት ሰጪው ድርጅት እስከ ቤታችሁ የሚመጣው መስመር ነው። ሁለተኛው መስመሩ የሚገባበት ሞደም ነው። ሦስተኛው ኔቱን ለየኮምፒውተሩ የሚያከፋፍለው ራውተር ነው። አራተኛው ከራውተሩ እስከ እናንተ ያለው ገመድ ወይም ዋይፋይ ነው። አምስተኛው ራሱ ኮምፒውተራችሁ ነው። በብዙ ቤቶች ሞደሙና ራውተሩ በአንድ ዕቃ ውስጥ አብረው ስለሚመጡ ሁለቱ እንደ አንድ ቢታዩ አይግረማችሁ።

«አንድ መስመር እንዴት ለሁላችን ይበቃል?» የሚል ጥያቄ ሳይመጣባችሁ አይቀርም። የትምህርት ቤታችሁን የፖስታ ሣጥን አስቡት። ከውጭ ለሚልክ ሰው ትምህርት ቤቱ አንድ የፖስታ ሣጥን ቁጥር ብቻ ነው ያለው። ደብዳቤው ከደረሰ በኋላ ግን ጸሐፊዋ ስሙን አይታ ለየባለቤቱ ታድላለች። ራውተርም ሥራው ይኸው ነው። ለውጭው ዓለም ቤታችሁ ብዙውን ጊዜ በአንድ አድራሻ ይታወቃል። ከውስጥ ደግሞ ራውተሩ ለእያንዳንዱ ኮምፒውተር የየራሱን ቁጥር ይሰጣል። ይህ ቁጥር የአይፒ አድራሻ ይባላል። በቤት ውስጥ በብዛት የሚታየው በ192.168 የሚጀምረው ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ፦ ስንቱ ጋ ነው የጠፋው?

ምንም ነገር ከመንካታችሁ በፊት «እናንተ ጋስ ይሠራል?» ብላችሁ ጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ግማሹን ሥራ ትሠራለች። ሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ ከጠፋ ችግሩ ሁሉም በጋራ ከሚጠቀሙበት ዘንድ ነው፤ ማለትም ከመስመሩ፣ ከሞደሙ ወይም ከራውተሩ። አንዱ ላይ ብቻ ከጠፋ ግን ራውተሩን ማጥፋት ሌሎቹን ያለ ጥፋታቸው መቅጣት ነው። ችግሩ ያ ኮምፒውተር ወይም የእሱ ገመድ ዘንድ ነው።

ሁሉም ጋ ከጠፋ

በቅድሚያ መብራቶቹን ተመልከቱ። ሞደሙ ጭራሽ ካልበራ ሶኬቱን ወይም ኤክስቴንሽኑን አረጋግጡ። መስመራችሁ የስልክ ገመድ ከሆነ ዲኤስኤል የሚል ጽሑፍ ያለበት መብራት ሳይርገበገብ መብራት አለበት። ሳያቋርጥ የሚርገበገብ ከሆነ ሞደሙ መስመሩን እየፈለገ አላገኘም ማለት ነው። የቤት ስልኩን አንስታችሁ አዳምጡ። ድምፁ የሚንጫጫ ከሆነ ገመዱ ላልቶ ወይም ውኃ ገብቶበት ሊሆን ይችላል። ስልክና ሞደም አንድ መስመር ላይ ሲሆኑ በስልኩ በኩል ማጣሪያ የምትባል ትንሽ ዕቃ መኖሯንም አትርሱ። መስመራችሁ ፋይበር ከሆነ ደግሞ ኤልኦኤስ የሚል መብራት በቀይ መብራቱ የብርሃን ምልክቱ እየደረሰ አይደለም ማለት ነው። ገመዱ ተጣጥፎ ወይም ተቆርጦ ይሆናል። የፋይበሩን ጫፍ ነቅላችሁ በዓይናችሁ እንዳታዩ! በውስጡ የሚያልፈው ብርሃን ለዓይን አይታይም፤ ግን ሊጎዳ ይችላል።

መብራቶቹ ደህና ከሆኑ በቅደም ተከተል አጥፍታችሁ አብሩ። ሞደሙንና ራውተሩን አጥፉና 30 ሰከንድ ያህል ጠብቁ። መጀመሪያ ሞደሙን አብሩና መብራቶቹ እስኪረጉ ሁለት ደቂቃ ያህል ታገሡ። ከዚያ ራውተሩን፣ በመጨረሻም ኮምፒውተሮቹን አብሩ። ሁሉንም በአንዴ ብታበሩ ራውተሩ ከሞደሙ ገና ያልመጣ ነገር ሲጠይቅ ሊቆይ ይችላል።

ይህ ሁሉ ተደርጎ የመስመሩ መብራት ካልመጣ ችግሩ ከቤታችሁ ውጭ ነው። ያኔ ለአገልግሎት ሰጪው ደውሉ። የኢትዮ ቴሌኮም ደንበኞች በ994 ይደውላሉ። «ኔት የለም» ብቻ ሳይሆን «ሞደሙን አጥፍተን አብርተናል፣ ቀይ መብራት ይታያል፣ ሦስቱም ኮምፒውተሮች ላይ ጠፍቷል» በሉ። እንዲህ ያለ ደንበኛ ችግሩ ቶሎ ይገባለታል።

አንዱ ጋ ብቻ ከጠፋ

ገመድ የምትጠቀሙ ከሆነ ከሚሠራው ኮምፒውተር ገመዱን ነቅላችሁ በማይሠራው ላይ ሰኩት። ሠራ? እንግዲያው ጥፋቱ የገመዱ ነው። በውስጡ 8 ቀጫጭን ሽቦዎች አሉ፤ በር ሲቆነጥጠው ወይም ወንበር ሲቆምበት አንዱ ይበጠሳል። ጫፉ ላይ ያለችው የላስቲክ ምላስ ከተሰበረችም ገመዱ የተሰካ ይመስላል እንጂ አይነካካም። ከግቢ ግቢ ለምትዘረጉም አንድ ነገር እንንገራችሁ፤ የዚህ ገመድ ርዝመት ከ100 ሜትር ማለፍ የለበትም።

ገመዱ ደህና ከሆነ የአይፒ አድራሻውን እዩ። ዊንዶውስ ባለው ኮምፒውተር ላይ የዊንዶውስ ቁልፉንና «አር»ን አብራችሁ ተጫኑ። በምትመጣው ሣጥን ውስጥ «ሲ፣ ኤም፣ ዲ» የሚሉትን ሦስት የእንግሊዝኛ ፊደላት ጻፉ። በሚከፈተው ጥቁር መስኮት ላይ «አይፒኮንፊግ» የሚለውን ትእዛዝ በእንግሊዝኛ ፊደል ሳትነጣጥሉ አስገቡ። አድራሻው በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ኮምፒውተሩ ራውተሩን ቁጥር ጠይቆ መልስ በማጣቱ ለራሱ ቁጥር አውጥቷል ማለት ነው። ከራውተሩ ጋር አልተገናኘም። ግንኙነቱን አጥፍታችሁ መልሳችሁ አብሩት።

ሌላው ደግሞ ሁለት ኮምፒውተሮች አንድ ዓይነት ቁጥር ሲይዙ የሚመጣው ጣጣ ነው። አንድ ሰው ቁጥሩን በእጁ ሞልቶት ከሆነ ይህ ያጋጥማል። ሁለት ተማሪዎች በአንድ ስም ሲጠሩ ደብዳቤው ለማን ይሰጥ? መፍትሔው ቁጥሩን ራውተሩ ራሱ እንዲያድል መተው ነው።

እኛ አገር ደግሞ አንድ ለየት ያለ ነገር አለ፤ የኮምፒውተሩ ቀን! አንዳንዶች ዓመተ ምሕረቱን በእኛ አቆጣጠር ይሞሉታል። ኮምፒውተሩ ግን የፈረንጁን አቆጣጠር ነው የሚያውቀው። ሰባት ወይም ስምንት ዓመት ወደኋላ ሲቀር ብዙ ድረ ገጾች «ደኅንነቱ አልተረጋገጠም» እያሉ አይከፈቱም። አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ድሮ የሚመለስ ከሆነ በውስጡ ያለችው ሳንቲም የምታህል ባትሪ አልቃለች ማለት ነው። በአዲስ ትተካለች።

ፒንግ፦ አቤት የሚለውን መፈለግ

የት ላይ እንደተቆረጠ በእርግጠኝነት የምታውቁበት መሣሪያ ፒንግ ይባላል። የሠራው ማይክ ሙስ የተባለ አሜሪካዊ ሲሆን ጊዜውም እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 1983 ነው። ስሙን ያገኘው ባሕር ሰርጓጅ መርከብን በድምፅ ከሚፈልግ መሣሪያ ነው። ድምፅ ትልካላችሁ፣ ተመልሶ ከመጣ እዚያ የሆነ ነገር አለ። እኛ ጨለማ ውስጥ «ማነው እዚያ?» ብለን «አቤት» እስኪባል እንደምንጠብቀው ማለት ነው።

በዚያው ጥቁር መስኮት ላይ ትእዛዙን በእንግሊዝኛ ፊደል ጽፋችሁ፣ ክፍት ቦታ ትታችሁ አድራሻውን አስገቡ። ሦስት እርምጃ ነው።

1. የራውተሩን አድራሻ ጥሩ። ብዙ ጊዜ 192.168.1.1 ነው፤ የእናንተ ቤት የተለየ ከሆነ አይፒኮንፊግ ያሳያችኋል። መልስ ከሌለ ችግሩ በእናንተና በራውተሩ መካከል ነው።

2. 8.8.8.8ን ጥሩ። ይህ ውጭ ያለ የጎግል አድራሻ ነው። ራውተሩ መልሶ ይህ ካልመለሰ መንገዱ የተቆረጠው ከራውተሩ ወዲያ ነው።

3. አንድ የምታውቁትን ድረ ገጽ በስሙ ጥሩ። 8.8.8.8 መልሶ ስሙ «አልተገኘም» ከተባለ ኔቱ አለ። የጠፋው ስምን ወደ ቁጥር የሚለውጠው ዲኤንኤስ የሚባል አገልግሎት ነው። የሰው ስም እያወቁ የስልክ ማውጫ እንደማጣት ማለት ነው። በኮምፒውተሩ ቅንብር ውስጥ ዲኤንኤስ በሚለው ቦታ 8.8.8.8 በመሙላት ብዙ ጊዜ ይስተካከላል።

ኔት አለ፤ ግን ይንቀራፈፋል

እስቲ እናስላው። የቤታችሁ መስመር በሰከንድ 4 ሜጋቢት ነው እንበል። 8 ቢት አንድ ባይት ስለሆነ በሰከንድ የሚያወርደው ግማሽ ሜጋባይት ነው። 300 ሜጋባይት የሆነ ፊልም አንድ ሰው ብቻውን ሲያወርድ 10 ደቂቃ ይፈጅበታል። አራት ሰዎች እኩል ሲሻሙ ግን ለእያንዳንዱ 1 ሜጋቢት ይደርሰዋል። ያው ፊልም 40 ደቂቃ ሆነ ማለት ነው! እዚህ ላይ የማንም ጥፋት የለም፤ እንጀራው አንድ፣ በዪው አራት ነው። መፍትሔውም መነጋገር ነው። ከባድ ፋይል ሁሉም ከተኛ በኋላ ይውረድ። የትምህርት ሥራ የሚልክ ሰው ቅድሚያ ይሰጠው።

ማንም ሳይነካው ኔቱን የሚበላም አለ። ዊንዶውስ ራሱን ሲያድስ፣ ስልክ ፎቶዎችን በራሱ ወደ ኢንተርኔት ሲልክ፣ ከፍላሽ የመጣ ቫይረስ ሥራውን ሲሠራ መስመሩ ይጨናነቃል። በተራ አንድ አንድ ኮምፒውተር ከኔቱ አውጡ። የትኛው ሲወጣ ፍጥነቱ እንደተመለሰ ታያላችሁ።

ዋይፋይ ከሆነ ደግሞ ራውተሩ የት ነው የተቀመጠው? ከቴሌቪዥን ጀርባ ወይም ብረት ቁም ሳጥን ውስጥ ከሆነ አውጡት። ቆርቆሮና ወፍራም ግድግዳ ምልክቱን ያዳክማሉ። ከፍ ያለና መሀል የሆነ ቦታ ይሻለዋል። ራውተሩ ሁለት ዓይነት ሞገድ ካለው፣ 2.4 ጊጋኸርትዝ ሩቅ ይደርሳል፤ 5 ጊጋኸርትዝ ደግሞ ለቅርብ ሰው ይፈጥናል።

ጠንቀቅ በሉ!

አንድ ገመድ ሁለቱም ጫፉ እዚያው ማከፋፈያ ላይ ከተሰካ መልእክቱ እየዞረ የቤቱን ኔት በሙሉ ሊያንቀው ይችላል። ቤት ያጸዳ ሰው «ወድቆ አገኘሁት» ብሎ በቅንነት የሚሰካው ገመድ እንዲህ ያደርጋል። ሁለተኛ ራውተር የምትጨምሩም ከሆነ ሁለቱም ቁጥር አዳይ እንዳይሆኑ የአንደኛውን አጥፉ። አለበለዚያ ኮምፒውተሮቹ ወደ ተሳሳተ በር ይሄዳሉ።

ከራውተሩ ጀርባ ያለችውን ሪሴት የምትል ትንሽ ቀዳዳ በመርፌ አትጫኑ። ያ ማጥፋትና ማብራት አይደለም፤ የተሞላውን የይለፍ ቃል ሁሉ ጠራርጎ ይደመስሳል። ክረምት ላይ መብረቅ ሲበዛ ደግሞ የሞደሙን ሶኬትም የስልክ ገመዱንም ንቀሉ።

ከሁሉም በላይ ደግሞ አንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጡ። ገመዱንም ቁጥሩንም ቦታውንም በአንዴ ለውጣችሁ ኔቱ ቢመጣ የትኛው እንዳመጣው አታውቁም። ነገ ሲጠፋ ከዜሮ ትጀምራላችሁ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል አይደል የሚባለው?

እስቲ ዛሬ ማታ ሁሉም ነገር እየሠራ ሳለ አንድ ወረቀት አምጡ። ከመስመሩ እስከ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ያለውን መንገድ ሳሉ። የራውተሩን አድራሻና የትኞቹ መብራቶች እንደሚበሩ ጻፉና ራውተሩ አጠገብ ለጥፉት። የሚቀጥለው «ኔት የለም!» ሲመጣ ትንሹን ልጅ ከመቆጣት ይልቅ ወረቀቱን አስይዙትና አብሯችሁ ይፈትሽ። ማን ያውቃል፣ መጀመሪያ የሚያገኘው እሱ ሊሆን ይችላል።