ጥንድ ጀግኖችና የአንባቢ ምኞት

አንድ ታሪክ ስናነብ በአሳባችን የሚመላለሰው ደራሲው የጻፈው ብቻ አይደለም፤ እኛ እንዲሆን የምንፈልገውም አብሮ ይመላለሳል። ጀግናው እንዲያሸንፍ፥ ክፉው እንዲቀጣ፥ የሚዋደዱት እንዲገናኙ እንመኛለን። ይህ ምኞት ከሁሉ ይልቅ የሚበረታው ሁለት ወጣቶች ጎን ለጎን ቆመው አንድ አደጋ ሲጋፈጡ ነው። በዚህ ትምህርት እንዲህ ያለው ጥንድ እንዴት እንደሚፈጠር፥ አንባቢ ለምን እንደሚሟገትለት፥ እናንተም ስለ እርሱ ድርሰት ስትጽፉ የተጻፈውን ከተመኛችሁት እንዴት እንደምትለዩ እንመለከታለን።

በመጀመሪያ ከውጭ አገር አንድ ምሳሌ እንውሰድ። ኮሚክ የሚባለው ጽሑፍ በሥዕል የሚተረክ ተከታታይ ታሪክ ነው። ገጹ በሣጥን በሣጥን ይከፈላል፤ የተናጋሪው ቃልም ከአፉ አጠገብ በክብ መሥመር ውስጥ ይጻፋል። ሱፐርማን እ.ኤ.አ. በ1938 ከታተመ ወዲህ የአሜሪካ ኮሚክ ዋና ባለታሪኮች በአብዛኛው ልዩ ኃይል ያላቸው ጀግኖች ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1964 ደግሞ የታላላቆቹ ጀግኖች ወጣት ረዳቶች በራሳቸው ተሰባስበው የሚዋጉበት ታሪክ ወጣ፤ ቡድኑም በኋላ ቲን ታይታንስ ተባለ። እ.ኤ.አ. በ1980 ደራሲው ማርቭ ዎልፍማንና ሠዓሊው ጆርጅ ፔሬዝ ይህን ታሪክ እንደ አዲስ ሲጀምሩት ስታርፋየር የምትባል ከሌላ ዓለም የመጣች ልዕልት ጨመሩበት። የቡድኑ መሪ ሮቢንና ይህች ልዕልት ተዋደዱ።

ታዲያ ይህን ጥንድ አንባቢ ለምን ወደደው? ምክንያቶቹ ሦስት ናቸው።

አንደኛው የጠባይ ልዩነት ነው። ሮቢን ጥንቁቅ፥ ቁጥብና ስሜቱን የሚሸሽግ ወጣት ነው፤ ስታርፋየር ግን ደስታዋንም ቁጣዋንም ፊት ለፊት የምታሳይ ናት። አንዱ የጎደለውን ሌላው ሲሞላ አንባቢ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማሰብ ይቀናዋል። ሁለተኛው የጋራ ምስጢር ነው። ጭምብል የሚያጠልቅ ጀግና እውነተኛ ማንነቱን ለጎረቤቱ ሊገልጽ አይችልም፤ አብራው የምትዋጋው ግን ታውቀዋለች። ሦስተኛው መዘግየት ነው። ተከታታይ ታሪክ በየወሩ መቀጠል ስላለበት ደራሲው ፍቅሩን ቶሎ ፍጻሜ ላይ አያደርሰውም፤ ያቀራርባቸዋል፥ ያራርቃቸዋል፥ እንደገና ያቀራርባቸዋል። በዚህ መካከል የሚቀረውን ክፍተት አንባቢ በራሱ ምኞት ይሞላዋል።

ምኞቱ ግን በሁሉም ዘንድ አንድ አይደለም። ለሮቢን የምትገባው ባትገርል የተባለችው ባርባራ ጎርደን ናት የሚሉ ብዙ አንባቢዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በቴሌቪዥን የታየው ተንቀሳቃሽ ሥዕል፥ እርሱንም ተከትሎ በ2006 የወጣው ፊልም፥ ሮቢንንና ስታርፋየርን አገናኝቷቸዋል፤ ክርክሩ ግን በዚያ አልተቋጨም። አንዳንድ ጊዜ ደግሞ ደራሲው የሁሉንም ምኞት በአንድ ጊዜ ይቆርጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1973 የወጣው የስፓይደርማን ታሪክ ጀግናው የሚወዳትን ግዌን ስቴሲን በሞት ሲነጥቀው ብዙ አንባቢዎች በደራሲው ላይ ክፉኛ ተቆጥተው ነበር። ያልነበረች ሴት ሞታ እውነተኛ ሰው ማዘኑና መቆጣቱ፥ አንባቢ ለጥንዶች የሚሰጠው ልብ ምን ያህል እንደሆነ ያስረዳል።

ይህ ጠባይ የባዕድ አገር ሰው ብቻ ነው እንዳትሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 ጀምበር የተባለ ኢትዮጵያዊ ባለ ልዩ ኃይል ጀግና በአማርኛም በእንግሊዝኛም በኮሚክ ከመውጣቱ ብዙ ዘመን በፊት፥ የእኛ አንባቢ ጥንዶች ነበሩት። የሐዲስ ዓለማየሁ ፍቅር እስከ መቃብር በ1958 ዓ.ም. ታትሞ፥ በኋላም በወጋየሁ ንጋቱ ድምፅ በሬዲዮ ሲተረክ፥ አድማጩ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ዕጣ እንደ ዘመዱ ጉዳይ ተከታትሎታል። እነዚህ ወጣቶች የሚበርሩበት ክንፍ የላቸውም፤ የሚገጥማቸው ጠላትም አውሬ ሳይሆን የዘር ኩራት ነው። ሰብለ ግን የአባቷን ቤት ትታ በዚያ ረጅም መንገድ ፍቅሯን ፍለጋ ስትወጣ ከማንኛውም ጀግና አታንስም።

አሁን ወደ እናንተው አገር እንምጣ። ሳንጃ ወይም መተማ ሆናችሁ ይህን የምታነቡ ተማሪዎች፥ ቋራ የእናንተው ቆላ ወገን ነው። በዚያ ቆላ ካሳ ኃይሉ የተባለ ወጣት ሸፍቶ ስሙ ገነነ። የራስ ዓሊ እናት እቴጌ መነን ይህን ኃይለኛ ሰው በዝምድና ለማሰር አስበው የራስ ዓሊ ልጅ የሆነችው ተዋበች እንድትዳርለት ተደረገ። ጋብቻው የሰላም ውል ነበር፤ የወሰኑትም ትልልቆቹ ናቸው። ካሳ ግን ብዙ ሳይቆይ እንደገና ሸፈተ፤ በ1845 ዓ.ም. አይሻል ላይ አማቱን ራስ ዓሊን ድል አደረገ፤ በ1847 ዓ.ም. ዐፄ ቴዎድሮስ ተብሎ በደረስጌ ማርያም ነገሠ። ተዋበች በዚህ ሁሉ ጊዜ ከአባቷ ይልቅ ከባሏ ጎን እንደ ቆመች ይነገርላታል። እቴጌ ሆና ጥቂት ዓመታት ከቆየች በኋላ በ1850 ዓ.ም. ሞተች።

ስለ ዐፄ ቴዎድሮስ ግርማቸው ተክለ ሐዋርያት፥ አቤ ጉበኛ፥ ብርሃኑ ዘሪሁን፥ ፀጋዬ ገብረ መድኅን ጽፈዋል። ሕዝቡም በየቤቱ ሲተርክ ኖሯል። በዚህ ሁሉ ትረካ መካከል ካሳና ተዋበች ከባልና ሚስትነት አልፈው ተስማሚ ጥንድ ሆነዋል። እንግዲህ አስተዋይ ጸሐፊ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። የሚከተሉትን ሦስት ዐረፍተ ነገሮች አነጻጽሩ።

ሀ. ካሳ ተዋበችን አገባ።
ለ. ተዋበች ባሏን ሳትወደው አትቀርም።
ሐ. እቴጌ ተዋበች ባይሞቱ ኖሮ ዐፄ ቴዎድሮስ ባልጨከኑ ነበር።

በ«ሀ» የገባው ግሥ የተፈጸመን ድርጊት ይናገራል፤ በማስረጃ የሚረጋገጥ ነው። በ«ለ» የገባው አነጋገር ግምትን ያመለክታል። ግምት ነውር የለበትም፤ ግን መነሻ ይፈልጋል። ባሏ ከአባቷ ጋር ሲዋጋ ከባሏ አለመለየቷ ለዚህ ግምት መነሻ ሊሆን ይችላል። «ሐ» ግን ባልሆነ ነገር ላይ የቆመ ነው፤ «ባይ... ኖሮ» እና «ባል... ነበር» የሚሉት ቅርጾች ራሳቸው ይህን ይመሰክራሉ። ብዙ ሰው ይህን አሳብ ይወደዋል፤ የሚያጽናና ነውና። ነገር ግን «ዐፄ ቴዎድሮስ የጨከኑት እቴጌ ተዋበች ስለ ሞቱ ነው» ብሎ የሚጽፍ ተማሪ ምኞቱን የታሪክ ልብስ አልብሶታል። የአንድ ዘመን ጦርነትና አመፅ፥ የመኳንንቱና የካህናቱ ጠብ ሁሉ ተረስቶ በአንዲት ሴት ሞት ላይ ይጫናል ማለት ነው። ይህ በታሪክም በእርሷም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

ሌላም ልብ ልትሉት የሚገባ ነገር አለ። ጥንድ ስንፈጥር ብዙውን ጊዜ ሴቲቱን የጀግናው ሽልማት እናደርጋታለን። በጥሩ ድርሰት ግን ሁለቱም የየራሳቸው አሳብ፥ የየራሳቸው ፍርሃትና ውሳኔ አላቸው። ስታርፋየር ከሮቢን ጋር ከመገናኘቷ በፊት የራሷ አገርና መከራ ነበራት፤ ሰብለ ወንጌልም የወደደችውን የመረጠችው በራሷ ልብ ነው። ስለ ተዋበች ስትጽፉም «ማን ዳራት?» ብላችሁ ብቻ አትለፉ፤ «አባቷና ባሏ ሲዋጉ ምን መረጠች?» ብላችሁ ጠይቁ። በዚያ ዘመን ለልጅቱ ሌሎች ይወስኑላት ነበር። ዛሬ ግን በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ጋብቻ በሁለቱ ተጋቢዎች ነጻ ፈቃድ እንዲመሠረት ያዝዛል፤ ዕድሜውንም ለሁለቱም 18 ዓመት አድርጎታል። በመጽሐፍ ውስጥ ሁለት ወጣቶች እንዲጣመሩ መመኘት የአንባቢ መብት ነው፤ በሕይወት ግን ምርጫው የባለቤቶቹ ነው።

በአጭሩ፥ ጥንድ ጀግኖች የሚፈጠሩት ደራሲው በጻፈውና አንባቢው በሚመኘው መካከል ነው። ምኞት ንባብን ያሞቃል፤ ድርሰትን የሚያጸና ግን ማስረጃ ነው። ስለዚህ ለጥንዳችሁ ስትሟገቱ ከገጹ ላይ ምን አነበብኩ፥ ከዚያ ተነሥቼ ምን ገመትኩ፥ ከራሴስ ምን ጨመርኩ ብላችሁ ለዩ።

መልመጃ፦ በአካባቢያችሁ የሚገኙ አንድ አዛውንት ስለ ካሳና ስለ ተዋበች የሚያውቁትን እንዲያጫውቷችሁ ጠይቁ። የሰማችሁትን በ12 ዐረፍተ ነገሮች ጻፉ። ከዚያም ዐረፍተ ነገሮቹን የሆነ፥ የተገመተ፥ የተመኘ በሚሉ ሦስት ረድፎች ክፈሉ፤ እያንዳንዱን በዚያ ረድፍ እንድታስገቡት ያደረጋችሁ የትኛው ግሥ እንደሆነም አስምሩበት።