የሩጫ ሰዓትን ከመርገም በፊት

ጎሕ ሲቀድ ከቦዲቲ ወደ ሶዶ በሚወስደው አስፓልት ላይ ሯጮች አይጠፉም። ከጫማቸው ቀጥሎ ዓይን የሚስበው የእጅ ሰዓታቸው ነው። አዲስ የሆነው ጥቂት ነው፤ አብዛኛው ውጭ አገር ካለ ዘመድ የመጣ ወይም ከሌላ ሯጭ የተገዛ፣ ማሰሪያው የተቀየረ፣ መስታወቱ የተጫረ ነው። ይህን ያህል እየተፈለገ ይህን ያህል የሚረገም ዕቃ ግን አላየሁም። «ኪሎ ሜትር በላብኝ»፣ «ዝም ብሎ ይጨምራል»፣ «ኔትወርክ አይዝም» ይባላል። እኔ የሰዓቱ ወገን ነኝ። ከስሞታው ሁሉ እውነት የሆነው ጥቂቱ ነው፤ እሱም ቢሆን የቀኑ ሰዓት የሚወስነው የራሱ ምክንያት አለው።

መሠረቱን በአጭሩ እንለፈው። የአሜሪካው ጂፒኤስ ሳተላይቶች 30 ገደማ ሲሆኑ፣ 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆነው ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ያለ ዕረፍት ያሰራጫሉ። ምልክቱ እኛ ዘንድ የሚደርሰው በ0.07 ሰከንድ ገደማ ነው። በእጃችን ያለው ሰዓት ቢያንስ የ4 ሳተላይቶችን ምልክት አነጻጽሮ ያለበትን ያሰላል። የሩሲያው ግሎናስ፣ የአውሮፓው ጋሊሊዮና የቻይናው ቤይዱም ያግዙታል። የአንድ ሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት በመሬት ላይ 300 ሜትር ስለሚሆን ጨዋታው ሁሉ የጊዜ ነው። እስከ እ.ኤ.አ. 2000 ድረስ አሜሪካ ለሲቪሉ የሚሰጠውን ምልክት ሆን ብላ ስታዛባው ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። ማዛባቱ ሲቆም ነው እንዲህ ያለ ሰዓት ለሯጭ መርባት የጀመረው፤ ጋርሚን የተባለው ኩባንያም ፎርራነር የተባለውን የመጀመሪያ የሩጫ ሰዓቱን እ.ኤ.አ. በ2003 ገበያ ላይ አዋለ።

ኔትወርክ የሚሉትን ነገር ግን ዝም ብዬ አላልፈውም። ሰዓቱ ወደ ሳተላይቱ ምንም አይልክም፤ ሥራው መስማት ብቻ ነው። ሲም ካርድ አይፈልግም፣ ዳታ አይቆርጥም፣ የስልክ ማማ ቢቃጠልም ጉዳዩ አይደለም። ቦዲቲ ውስጥ አንድ ወጣት «ጋሼ፣ እዚህ ሰፈር ኔትወርክ ደካማ ስለሆነ ነው የማይዝልኝ» ሲለኝ የቆመው ቆርቆሮ በረንዳ ሥር ነበር። ከጣሪያ በላይ ያለውን ነገር በብረት ጋርዶ እየፈለገ ማለት ነው። ከቤቱ ፊት ወዳለው ሣር ወጣ በል አልኩት፤ የጫማውን ክር አስሮ ሳይጨርስ ሰዓቱ ያዘ።

ስልክ የሚጠቅመው በአንድ ነገር ነው። እያንዳንዱ ሳተላይት የምሕዋሩን ትክክለኛ መረጃ በየ30 ሰከንዱ ይደግማል፤ ሰዓቱም ይህን ሳይቆራረጥ መስማት አለበት። ዛፍ ሥር ሆኖ መሐል ላይ ካመለጠው የሚቀጥለውን ዙር ይጠብቃል። መረጃው የሚያገለግለው ለ4 ሰዓት ያህል በመሆኑ የትናንቱ ለዛሬ አይሆንም። ከስልክ ጋር የተገናኘ ሰዓት ግን የሚቀጥሉትን ቀናት የምሕዋር ትንበያ አስቀድሞ ስለሚጭን ቶሎ ይይዛል። ከሚኒሶታ በሻንጣ የመጣ ሰዓት እዚህ ሲከፈት ያለው መረጃ የዚያ አገር ሰማይ ነው። የሁሉንም ሳተላይቶች አጠቃላይ ማውጫ ከሰማይ ለመቀበል ብቻ 12 ደቂቃ ተኩል ይፈጃል። ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ገላጣ ሜዳ ላይ አስቀምጦ ቡና መጠጣት ነው። ሰዓቱ «ዝግጁ» ሳይል አዝራሩን ተጭኖ የሚሮጥ ሰው በመጀመሪያው ኪሎ ሜትር ለሚያየው ጉድ ተጠያቂው ራሱ ነው። ማሟሟቂያውን እዚያው ሜዳ ላይ ቢሠራ ምን ይጎድልበታል?

አሁን ወደምወደው ጉዳይ ልግባ። የውጭ አገር የሰዓት ገምጋሚዎች ስለ ሕንፃና ስለ ጫካ ብዙ ይጽፋሉ። እኛም የነሱን ምክር እንዳለ ተቀብለን መንገድ ዳር ያለውን ባሕር ዛፍ እንወቅሳለን። እርጥብ ቅጠል ምልክት ማድከሙ እውነት ነው። የኛ ሰማይ ግን የራሱ ጠባይ አለው፤ እሱን የሚያነሳልን የለም።

መጀመሪያ መልካሙን ልናገር። የጂፒኤስ ምሕዋሮች ከምድር ወገብ ያላቸው ዝንባሌ 55 ዲግሪ ነው። በሰሜን አውሮፓ ከሰማዩ በስተሰሜን በኩል ሳተላይት የማያልፍበት ሰፊ ባዶ ስፍራ አለ። ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ ገደማ ላይ ላለችው ቦዲቲ ግን ሳተላይቶቹ በአራቱም አቅጣጫ ይመላለሳሉ። በዚህ የኦስሎ ሯጭ ቢቀናብን አይፈረድበትም።

ችግሩ ያለው በሳተላይቶቹና በኛ መሐል ነው። ከምድር በላይ ከ80 ኪሎ ሜትር ገደማ ጀምሮ የፀሐይ ጨረር አየሩን ሰንጥቆ ኤሌክትሮን የሚያስለቅቅበት አየኖስፌር የሚባል ክፍል አለ። የሳተላይት ምልክት እሱን ሲያቋርጥ ይዘገያል። የዚህ ክፍል ጠባይ የሚከተለው ደግሞ ምድር ወገብን ሳይሆን የመግነጢስ ወገብን፣ ማለትም የምድር መግነጢስ መስክ አግድም የሚተኛበትን መስመር ነው። ምድር ወገብ የሚያልፈው በኬንያ ነው፤ የመግነጢስ ወገብ ግን በኢትዮጵያ ላይ፣ ከቦዲቲ በስተሰሜን ያልፋል። በዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት፣ እ.ኤ.አ. በ1957–58፣ አዲስ አበባ ውስጥ ካናዳዊው ካህን ፒየር ጉዌን የመሠረቱት ኦብዘርቫቶሪ የመግነጢስ መለኪያ መትከሉ ያለ ምክንያት አልነበረም። ቦታችን ለሳይንስ ብርቅ ነው፤ ዛሬም ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ያሉ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሰማይ ያጠናሉ።

በመግነጢስ ወገብ አካባቢ ቀን ላይ የኤሌክትሮኑ ክምችት ወደ ላይ ይነሳል። ፀሐይ ስትጠልቅ የታችኛው ክፍል ቶሎ ይሳሳል፤ የላይኛው ግን እንደከበደ ይቆያል። ከባዱ ከላይ፣ ቀላሉ ከታች ሲሆን ቀላሉ እንደ ገንፎ ድስት ፏ ፏ እያለ ወደ ላይ ይፈነዳል። ምልክቱ በነዚህ አረፋዎች ውስጥ ሲያልፍ ይርገበገባል፤ ሰዓቱም አንዱን ሳተላይት ይዞ ሌላውን ይጥላል። ይህ በብዛት የሚታየው ከምሽቱ 1 ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ነው፤ ከወራት መስከረምና መጋቢት ይብሳሉ። በየ11 ዓመቱ ገደማ ፀሐይ ስትበረታ ደግሞ ይጠናል፤ የቅርቡ ብርታት እ.ኤ.አ. በ2024 የታየው ነው። በየምሽቱ ይሆናል ማለት አይደለም። ነገር ግን ከሥራ በኋላ አመሻሽቶ የሚሮጥ መምህር ወይም የባንክ ሠራተኛ መጋቢት ላይ ሰዓቱ ካበደበት፣ ዛፉን ከመውቀሱ በፊት ስንት ሰዓት እንደሆነ ይይ።

ቀን ላይ ያለው መዘግየት ሌላ ነው፤ ረጋ ያለ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ገደማ ከፍተኛው ላይ ይደርሳል። ሳተላይቶቹ ራሳቸው የሚያሰራጩት ማረሚያ ቀመር አለ፤ ከስሕተቱ የሚያነሳው ግን ግማሽ ያህሉን ነው። ጸጥ የሚለው ሊነጋ ሲል ነው። ሯጮቻችን ንጋትን የመረጡት ፀሐዩንና መኪናውን ሽሽት ነው፤ ሳያስቡት ግን ለሰዓታቸውም ከቀኑ ሁሉ ምርጡን ጊዜ ሰጥተውታል።

እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚስተው ነገር አለ፦ ቦታ መሳትና ርቀት መሳት ለየቅል ናቸው። ከሩጫ በኋላ ካርታ ከፍቶ «ይኸው፣ በሰው እንሰት ውስጥ አስሮጠኝ» እያለ የሚስቅ ብዙ ነው። የቀኑ መዘግየት ቀስ ብሎ ስለሚለዋወጥ መስመሩን ሙሉ በሙሉ ወደ አንድ ጎን ይገፋዋል። መነሻውም መድረሻውም እኩል ከተገፉ በመካከላቸው ያለው ርዝመት አይነካም። በካርታው ላይ ከአስፓልቱ 6 ሜትር ወጥቶ የተሳለ ሩጫ ርቀቱ ልክ ሊሆን ይችላል። ርቀት የሚያበላሸው በየሰከንዱ የሚለዋወጥ ስሕተት ነው፤ የምሽቱ መርገብገብ ወይም ምልክቱ ግድግዳ መትቶ ሲመለስ የሚፈጠረው። ያኔ ነጥቦቹ ግራና ቀኝ ይዘላሉ፣ ዚግዛጉም ሲደመር ርቀቱ ይረዝማል። ቆሞ እያወራ ሰዓቱን ያላቆመ ሰውም እንዲሁ ያልሮጠውን ሜትር ይሰበስባል። በተቃራኒው ባትሪ ቆጣቢ ዘዴ ላይ የተደረገ ሰዓት ነጥብ የሚወስደው አልፎ አልፎ ስለሆነ ኩርባውን ቆርጦ ያሳጥራል። ካርታው ያማረ ሁሉ ልክ አይደለም፤ ካርታው የተንሻፈፈም ሁሉ ስሕተት አይደለም።

በታላቁ ሩጫ ማግስት በየዓመቱ የሚሰማው ክርክርም ከዚሁ ይመደባል። «10 ኪሎ ሜትር አይደለም፣ የኔ ከዚያ በላይ ነው ያሳየው» ይባላል። ዓለም አቀፍ ደንብ የተከተለ የጎዳና ውድድር የሚለካው በሳተላይት አይደለም። ጎማው አስቀድሞ በተለካ መስመር በተስተካከለና መቁጠሪያ በተገጠመለት ብስክሌት፣ ከኩርባ ጠርዝ 30 ሴንቲ ሜትር ርቆ፣ አጭሩን መንገድ ይዞ ነው። እንዳያጥርም በየኪሎ ሜትሩ 1 ሜትር ይጨመርበታል። በሺዎች መሐል እየተጋፋ፣ ሰው ለማለፍ ወደ ዳር እየወጣ የሚሮጥ ሰው አጭሩን መንገድ ከየት ያገኘዋል? ትርፉን በእግሩ ሮጦታል። ሰዓቱም መዝግቦለታል።

መም ላይ ለሚሠራ አንድ ማስታወሻ፦ 400 ሜትር የሚሆነው የመጀመሪያው መስመር ብቻ ነው፤ ወደ ውጭ በወጡ ቁጥር እያንዳንዱ መስመር ከ7 ሜትር በላይ ይጨምራል። ሰዓቱ የመም ምርጫ ካለው የመስመሩን ቁጥር ይንገሩት። ከፍታን በተመለከተ የአየር ግፊት መለኪያ የሌለው ሰዓት የዳሞታ ተራራን ዳገት ሲለካ አይመኑት። ሳተላይቶቹ ሁሉ ከበላይ ስለሆኑ ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ስሕተት ወደ ጎን ካለው ይበልጣል።

በመጨረሻ ሁሉም የሚጠይቀው ጥያቄ፦ ሁለት ፍሪኩዌንሲ የሚሰማውን ውዱን ሰዓት ልግዛ? እንዲህ ያለው ሰዓት ሁለቱን ምልክቶች አነጻጽሮ የአየኖስፌርን መዘግየት ማስላት ይችላል፤ ከሕንፃ ተንጸባርቆ የመጣውንም በተሻለ ይለያል። አዲስ አበባ ፎቅ ለፎቅ ለሚሮጥ ሰው ዋጋው ይገባዋል። ገላጣው የቦዲቲ አስፓልት ላይ ግን ረጃጅም ፎቆች የሉም፤ የቀኑ መዘግየት ርቀት እንደማይነካ አይተናል፤ ከምሽቱ አረፋ ደግሞ ውዱም ሰዓት አያመልጥም። የቦዲቲ ሯጭ ትርፍ ገንዘብ ካለው ጫማ ይግዛበት።