ወንዱ ይሻላል ወይስ ሴቷ?

ባለፈው ጥቅምት፥ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፥ በቡራዩ ከአንዲት እናት ግቢ ውስጥ በአንድ ካርቶን ፊት ቁጢጥ ብዬ ነበር። በካርቶኑ ውስጥ አሮጌ ሹራብ ተነጥፏል፤ በሹራቡም ላይ ሁለት ቡችሎች ተቃቅፈው ተኝተዋል። ጠጉራቸው ነጭና ለስላሳ፥ ርዝመታቸው ከአንድ ስንዝር እምብዛም የማይበልጥ ነው። በየሠፈሩ ሕፃናት «ቡቺ» እያሉ የሚጠሯቸው ዓይነት ትንንሽ የቤት ውሾች ናቸው። አንዱ ወንድ፥ አንዷ ሴት ናት።

«ወንዱን ከፈለግህ ዋጋ አለው፥ ልጄ። ሴቷን ግን እንዲያው ውሰዳት» አሉኝ ባለቤቲቱ። «ሌሎቹን ወንዶች ሰው ተሻምቶ ነው የወሰዳቸው። እሷን የጠየቀ የለም። እስከ ማክሰኞ ካልመጣህ ዘበኛው ከወንዙ ማዶ ይተዋታል።»

ይህን የተናገሩት ክፉ ሰው ሆነው አይደለም። እናቲቱን ውሻ በእጃቸው እያጎረሱ የሚያሳድጉ ሰው ናቸው። ነገር ግን ሁለተኛ ሴት ውሻ ለማኖር አቅሙም ቦታውም የላቸውም። በበኩሌ እንዳየሁት፥ በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በመንገድ ዳር ተጥለው የሚያለቅሱት ቡችሎች አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው። «ሴት ቢያውቅ በወንድ ያልቅ» የሚለው ተረት እስከ ውሻ ድረስ ወርዷል ለማለት ይቻላል።

እኔም የሦስት ቀን ጊዜ ለምኜ፥ ወደምኖርባትና ወደማስተምርባት ሰበታ ተመለስሁ። አንባቢዬም ምናልባት እንደኔ በደመወዙ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የሚኖር ወጣት ሠራተኛ ወይም ተማሪ ይሆናልና፥ በእነዚያ ሦስት ቀኖች የተማርሁትን ላካፍለው ወደድሁ።

ከሱሉልታው ባልንጀራዬ የሰማሁት

በማግሥቱ እሑድ፥ በሱሉልታ በአንድ መሥሪያ ቤት በጸሓፊነት ወደሚሠራ ባልንጀራዬ ዘንድ ሄድሁ። እንደሚታወቀው ሰበታ በጅማ መንገድ፥ ቡራዩ በአምቦ መንገድ፥ ሱሉልታ ደግሞ ከእንጦጦ ጀርባ በጎጃም መንገድ ላይ የሚገኙ ከተሞች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. ሦስቱም በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉ፥ ነዋሪው ዛሬም በየጥንት ስማቸው ይጠራቸዋል። ከሦስቱ ይልቅ የሱሉልታ ብርድ የከፋ ነው፤ በጥቅምት ማለዳ ሜዳው ሁሉ በውርጭ ነጭ ሆኖ ይታያል።

ባልንጀራዬ ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ትንሽ ወንድ ውሻ ነበረው። «ያለ ጥርጥር ወንድ ውሰድ» ይለኛል ብዬ ጠብቄ ነበር፤ እርሱ ግን ዝም ብሎ ወደ በሩ ተመለከተ።

«በቀን ደኅና ነበር» አለኝ በመጨረሻ። «በቤቱ ጥግ ሁሉ እግሩን እያነሣ መሽናቱን እንኳ ለምጄው ነበር። አንድ ማታ ግን በጎረቤት አንዲት ሴት ውሻ በስሪያ ወራቷ ላይ ነበረች። በሩን ከፍቼ ውሃ ልቀዳ ስወጣ በእግሬ መካከል ሾልኮ ሄደ። ስሙን እየጠራሁ እስከ እኩለ ሌሊት ፈለግሁት። በዚያው ሌሊት ጅቦች ከሜዳው ሲጮኹ እሰማ ነበር። በማግሥቱ ያገኘሁት የአንገቱን ማሰሪያ ብቻ ነው።»

ይህ ነገር በብዙው ቤት የሚረሳ ነው። ሴት ውሻ በር ላይ ወንዶችን ትሰበስባለች ብለን እንወቅሳታለን፤ ወንዱ ግን ያው ሽታ ሲደርሰው በሩን ጥሎ የሚሄድ መሆኑን አናስብም። ትልቅ ውሻ ከሆነ ተናክሶ ይመለስ ይሆናል፤ ክብደቱ ሦስት ወይም አራት ኪሎ የሆነ ውሻ ግን ጅብ በሚዞርበት አገር አንድ ሌሊት መጥፋቱ ይበቃዋል።

የእማማ ተቃውሞ

ወደ ሰበታ ስመለስ ነገሩን ለቤቴ ባለቤት ለእማማ አዋየኋቸው። እማማ ቡናቸውን እየቀዱ ካዳመጡኝ በኋላ፥ «ወንድ ከሆነ አምጣ፤ ሴት ከሆነች ግን በዚህ በር አትገባም» ብለው ቁርጡን ነገሩኝ።

«ምነው እማማ፥ ምን አደረገችዎ?» ብዬ ጠየቅሁ።

«እኔን ምንም። እኔ ነኝ ያደረግኋት» አሉና ሲኒውን አስቀመጡ። ከብዙ ዓመት በፊት እንደዚሁ ያለች ትንሽ ውሻ ነበረቻቸው። የጎረቤት ትልቅ ውሻ በአጥር ዘልሎ ገብቶ አስረገዛት። ቀኗ ሲደርስ ሌሊቱን በሙሉ አማጠች፤ ቡችላው ግን አልወጣ አለ። በዚያን ጊዜ ሐኪም የት እንደሚገኝ አያውቁም ነበርና ሲነጋ በእጃቸው ላይ ሞተች። «ከእንግዲህ ወዲያ ያንን ማማጥ መስማት አልፈልግም» አሉኝ።

እንግዲህ የእማማ ተቃውሞ ጥላቻ ሳይሆን ሐዘን መሆኑ ያን ጊዜ ገባኝ። ከወንድም ከሴትም ጉዳቱን የቀመሱ ሁለት ሰዎች ሰማሁ፤ ምርጫዬም ከበፊቱ ይልቅ ጠበበ።

ሐኪሙ ያስተማረኝ

ሰኞ ከትምህርት በኋላ ወደ አንድ የእንስሳት ሐኪም ዘንድ ሄድሁ። ሐኪሙ ጥያቄዬን ሰምቶ ፈገግ አለና፥ «መምህር፥ ወንድ ወይስ ሴት የሚለው ሁለተኛው ጥያቄ ነው። መጀመሪያ የሚጠየቀው፥ ቀን ቀን ከቡችላው ጋር ማን ይውላል? አጥሩስ ይዘጋል? ለክትባቱና ለቀዶ ሕክምናው የሚሆን ገንዘብ ያስቀምጣሉ ወይ? የሚለው ነው» አለኝ። ከዚያም እንዲህ ሲል አስረዳኝ።

ትንንሽ ዘር በሆኑ ውሾች መካከል የወንዱና የሴቷ የአካል ልዩነት በጣም ጥቂት ነው። ስለ ጠባይም ቢሆን ወንድ ሁሉ ደፋር፥ ሴት ሁሉ ጭምት አይደሉም። ጠባይን ይበልጥ የሚወስኑት የወላጆቹ ባሕርይና ቡችላው በመጀመሪያዎቹ ወራት ያየው አኗኗር ናቸው። ጆን ፖል ስኮትና ጆን ፉለር የተባሉ ሁለት የአሜሪካ ሊቃውንት ስለዚህ ነገር ብዙ ዓመት ተመራምረው፥ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1965 ሥራቸውን በመጽሐፍ አውጥተዋል። ከተረዱትም አንዱ፥ ከ3ኛው ሳምንት ጀምሮ እስከ 12ኛው ሳምንት ገደማ ያለው ጊዜ ቡችላው ሰውን የሚለምድበት ዋና ወራት መሆኑን ነው። በዚህ ጊዜ ሰው ሳያይ ያደገ ቡችላ፥ ወንድም ይሁን ሴት፥ ፈሪና ተናካሽ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ቡችላን ከእናቱ የምንለየው 8 ሳምንት ገደማ ሲሞላው ነው፤ ከዚያም ከሰው፥ ከሕፃናትና ከልዩ ልዩ ድምፅ ጋር በእርጋታ ማለማመድ ይገባል።

ልዩነቱ በግልጽ የሚታየው በስሪያ ነገር ነው። ትንሽ ዘር የሆነች ሴት ውሻ ከ6 ወር ዕድሜ ጀምሮ ወንድ ልትፈልግ ትችላለች። ይህም ብዙውን ጊዜ በዓመት ሁለት ጊዜ ይመጣል፤ በእያንዳንዱም ጊዜ ሦስት ሳምንት ያህል ይቆያል። ሒሳብ አስተማሪ ባልሆንም ስደምረው፥ ከዓመቱ 52 ሳምንቶች ውስጥ የሚያስቸግሩት 6 ያህሉ ናቸው ማለት ነው። ካረገዘች 63 ቀን ገደማ ቆይታ ትወልዳለች። እማማ እንዳዩት፥ ትንሽ ውሻ ከትልቅ ውሻ ስታረግዝ ምጡ ለሞት ሊያደርሳት ይችላል። ወንዱ ግን ወራት የለውም፤ የሴት ሽታ በደረሰው ቀን ሁሉ ይነሣል።

የሁለቱም መፍትሔ አንድ ነው፤ ይኸውም ወንዱን ማኮላሸት፥ ሴቷን ማምከን ነው። የሴቷ ቀዶ ሕክምና ሆድ ተከፍቶ የሚደረግ ስለ ሆነ ከወንዱ ይልቅ ይከብዳል፥ ዋጋውም ይበልጣል። በአንጻሩ ግን በዕድሜዋ ኋላ የሚመጣውን የማሕፀን መመርቀዝ ያስቀርላታል፤ በጊዜ ከተደረገም የጡት ዕጢን ይቀንስላታል። ወንድ የሚመርጥም ሰው ቡችላውን ሳይረከብ በፊት ሁለቱም ቆለጦቹ ወደ ከረጢታቸው መውረዳቸውን ሐኪም እንዲያይለት ያድርግ፤ በትንንሽ ዘሮች ዘንድ አንዱ በሆድ ውስጥ ሊቀር ይችላልና።

ከሁሉ የሚበልጠው ጉዳይ

ሐኪሙ ድምፁን ከፍ ያደረገው ስለ እብድ ውሻ በሽታ ሲናገር ነው። «ትንሽ ውሻ ከቤት ስለማይወጣ አያብድም» የሚሉ ሰዎች አጋጥመውኛል። ይህ ፈጽሞ ስሕተት ነው። በስሪያ ወራት ውሾች ተሰብስበው በሚናከሱበት ጊዜ አንድ ንክሻ ይበቃል። በሽታው ምልክቱን ካሳየ በኋላ ሰውም ሆነ ውሻ የሚድንበት መድኃኒት የለውም ለማለት ይቻላል። የዓለም የጤና ድርጅት እንደሚገምተው በዓለም ላይ በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ በሽታውንም ለሰው የሚያስተላልፈው ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ውሻ ነው።

በአዲስ አበባ ብርቱ የእብድ ውሻ ወረርሽኝ የተመዘገበው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1903 ነው። ሉዊ ፓስተር የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ ዦዜፍ ሜስተር የተባለውን የ9 ዓመት ልጅ በመከተብ ያዳነው ከዚያ 18 ዓመት ቀደም ብሎ፥ በ1885 ነበር። በጉለሌ በኩል «ፓስተር» ተብሎ የሚጠራው ሠፈር ስሙን ያገኘው በዚህ ሊቅ ስም ከተጠራው የቀድሞ ተቋም ነው። የኛም ሰበታ በዚህ ረገድ ባዕድ አይደለችም፤ ከአገሪቱ ልዩ ልዩ ክፍሎች የሚላከው የእንስሳት በሽታ ናሙና የሚመረመርበት ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ተቋም የሚገኘው በእርሷ ውስጥ ነው።

ስለዚህ ቡችላው 3 ወር ሲሞላው ይከተብ፤ ከዚያም ሐኪሙ በሚያዝዘው ቀን ክትባቱ ይደገም። ማንንም ሰው ውሻ ቢነክሰው፥ የራሱም ውሻ ቢሆን፥ ቁስሉን ወዲያው በብዙ ውሃና ሳሙና 15 ደቂቃ ያህል ይጠብና ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ጣቢያ ይሂድ። ነጭ ሽንኩርትም ሆነ ጠበል ይህን ሊተካው አይችልም።

ማክሰኞ

ማታውን ከእማማ ጋር ረጅም ጊዜ ተነጋገርን። ሐኪሙ የነገረኝን ሁሉ ነገርኋቸው። ሴቷ ሳትወልድ በፊት ልትመክን እንደምትችል ሲሰሙ ለጊዜው ዝም አሉ። «ያን ጊዜ ይህ ቢነገረኝ ኖሮ» አሉ። ቀጥለውም፥ «ገንዘቡን ማን ይከፍላል?» አሉኝ።

«እኔ እከፍላለሁ፥ እማማ። ከየወሩ ደመወዜ አስቀምጣለሁ።»

«ቃልህ ነው?»

«ቃሌ ነው።»

«እንግዲያው እኔ ቀን ቀን አያታለሁ። ቃልህን ካጠፋህ ግን ከውሻዪቱ ጋር ትወጣለህ» አሉኝ። የተናገሩት እየሳቁ አልነበረም።

ማክሰኞ ወደ ቡራዩ ስደርስ ካርቶኑ በበሩ አጠገብ ተቀምጧል። ወንዱን ሌላ ሰው ወስዶታል። ሴቷ ብቻዋን በሹራቡ ላይ ተጠቅልላ በብርዱ ትንቀጠቀጥ ነበር። በጃኬቴ ውስጥ አስገብቻት በታክሲ ስሳፈር፥ በአጠገቤ የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ አይተው፥ «ወንድ ነው?» አሉኝ። «ሴት ናት» ብላቸው፥ «አይ ልጄ!» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ።

በኅዳር ተከተበች፤ በመጋቢት መጀመሪያ ደግሞ የመጀመሪያው የስሪያ ወራቷ ሳይመጣ ቀዶ ሕክምናው ተደረገላት። ለዚህ ያስቀመጥሁት ገንዘብ አዲስ ጫማ ሊገዛልኝ የታሰበው ነበር፤ ጫማዬ እስከ ዛሬ አሮጌ ነው። ቁስሉ እስኪድን ድረስ ሌሊት ተነሥተው ያዩዋት የነበሩት እማማ ናቸው። ዛሬ ጅራቷን እየቆላች የምትቀበለው እርሳቸውን አስቀድማ ነው፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል እንዲሉ፥ አልተቀየምሁም።

አንባቢዬ ሆይ፥ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን የቆዩ ፎቶግራፎች ያየ ሰው ሉሉ የተባለውን ትንሽ የቺዋዋ ውሻ ያስታውሳል። ስለ ሉሉ ያወሩልኝ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ ወንድ ነበር ወይስ ሴት ብሎ የጠየቀ ግን እስከ ዛሬ አልገጠመኝም። በቤት የተወደደ እንስሳ ጾታው አይነሣም፤ ጾታው የሚነሣው በካርቶኑ ፊት ቆመን ስንመርጥ ብቻ ነው።

ስለዚህ ምክሬ አጭር ነው። ቤትህ ቀኑን ሙሉ ባዶ ከሆነ ወንድም ሴትም አትውሰድ። ትንሽ ውሻ ከ10 ዓመት በላይ ስለሚኖር፥ ዛሬ በ25 ዓመትህ የምታነሣው ቡችላ 40 ዓመት ሊሞላህ ሲል አብሮህ ሊኖር እንደሚችል አስብ። አጥርህን ዝጋ፤ የቤትህን ባለቤት አስፈቅድ፤ የክትባቱንና የቀዶ ሕክምናውን ዋጋ አስቀድመህ ጠይቅ። ይህን ሁሉ አሟልተህ ሁለቱም ጤናማ ሆነው ካገኘሃቸው፥ የወደድኸውን ውሰድ። ልብህ እኩል ከሆነ ግን ሴቷን አስብ፤ ወንዱን የሚወስድ ሌላ ሰው አይጠፋምና።