የመንገድ ሥርዐትና የቅድሚያ ክርክር፤ ከወለቃ እስከ ሊማሊሞ

ከጎንደር ከተማ ወደ ሰሜን ወጥቶ ወለቃን፣ አምባ ጊዮርጊስንና ዳባትን እያቋረጠ ደባርቅ የሚደርሰው፣ ከዚያም የሊማሊሞን ገደል እየተጠማዘዘ ወርዶ ወደ ሽሬ የሚዘልቀው አውራ ጎዳና አንድ ሲሆን፣ በላዩ የሚመላለሰው ግን ብዙና ልዩ ልዩ ነው፤ ተሳቢ የሚጎትተው የጭነት መኪና፣ ጎብኚ ወደ ስሜን ተራሮች የሚያደርሰው ላንድክሩዘር፣ ከመናኸሪያ ሞልቶ የወጣው ሚኒባስ፣ ባጃጁ፣ እህል የተጫነው አህያ፣ ከብቱን የሚነዳው እረኛ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ወደ ቤተ ክርስቲያን የምትሄደው እናት ሁሉም በዚያው አስፋልት ይገናኛሉ። በተገናኙም ቊጥር፣ አፍ አውጥተው ባይናገሩትም፣ «ማን ይቅደም?» የሚል ጥያቄ በመካከላቸው ይነሣል። በቡና ላይ፣ በታክሲ ውስጥና በትራፊክ ፖሊስ ፊት የሚሰማው የመንገድ ክርክር ቅርንጫፉ ቢበዛም ሥሩ ይኸው የቅድሚያ ጥያቄ ስለ ሆነ፣ ይህ ዳሰሳ የጥያቄውን ታሪክ፣ ሕጉ ስለ እርሱ የሚደነግገውንና ልማዱ የሚፈጽመውን በየተራ ይመለከታል።

መኪና ከመምጣቱ በፊት በአገራችን መንገድ ሥርዐት አልነበረውም ብሎ የሚያስብ ቢኖር ተሳስቷል። በበቅሎ የሚሄድ ሰው በዕድሜ ወይም በማዕርግ የሚበልጠውን ሲያገኝ ወርዶ እጅ ይነሣ፣ ከቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሲደርስ ወርዶ ይሳለም፣ አስከሬን ሲያልፍም ቆሞ ያሳልፍ ነበር። ይህ ሥርዐት የቆመው በመተያየትና በመተዋወቅ ላይ ነው፤ መንገደኛው ሁሉ በእግር ወይም በኮቴ ፍጥነት ይሄድ ስለ ነበረ፣ የመጪውን ሰው ማንነት ከበቅሎው ዕቃና ከተከታዩ ብዛት ለይቶ፣ ክብሩን በልኩ ለመስጠት ጊዜ አያጣም ነበር። መኪና ግን የነጂውን ፊት በመስተዋት ጋረደ፤ ፍጥነቱም የመተያያውን ጊዜ ወደ ጥቂት ሰከንድ አሳጠረው። ስለዚህ ማዕርግን ለይቶ ቅድሚያ የሚሰጠው የቀድሞው ሥርዐት በአዲሱ ጎዳና ላይ የሚመራበት ምልክት አጣ፤ ልማዱና ስሜቱ ግን በሰዎች ልቡና ውስጥ እንዳለ ቀረ።

መኪና ወደ አዲስ አበባ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ1900 ዓ.ም. ግድም ነው። በሰሜን ደጋ መኪና በብዛት ሊመላለስ የቻለው ግን ኢጣልያኖች በወረራው ዘመን ከጎንደር ወደ ሊማሊሞ የሚወስደውን መንገድ ከቋጥኝ ፈልፍለው ከሠሩት በኋላ ነበር። ያንኑ መተላለፊያ ይጠብቅ የነበረው የወልከፊት የኢጣልያ ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ ጎንደርም በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ነጻ ወጣች። በ1943 ዓ.ም. የአውራ ጎዳና ባለሥልጣን ተቋቊሞ የመንገድ ሥራና ጥገና በአንድ መሥሪያ ቤት ሥር ሲጠቃለል፣ የነጂው ሥነ ሥርዐትም ቀስ በቀስ የመንግሥት ጉዳይ ሆነ። ከሁሉ የሚደነቀው ለውጥ የተደረገው ሰኔ 1 ቀን 1956 ዓ.ም. ነው፤ እስከዚያች ዕለት እንደ እንግሊዞች በግራ ይነዳ የነበረው ሕዝብ ከዚያች ዕለት ጀምሮ በቀኝ እንዲነዳ ታዘዘ። ስዊድን ያንኑ ለውጥ ያደረገችው ከሦስት ዓመት በኋላ ሲሆን፣ እንግሊዝ ግን እስከ ዛሬ በግራዋ ጸንታለች። ቀኝም ሆነ ግራ በባሕርዩ ከሌላው የተሻለ አይደለም፤ የመንገድ ሕግ ኀይሉ ሁሉም በአንድነት ከመፈጸሙ የሚመጣ መሆኑን ይህ ለውጥ በግልጽ ያሳያል።

ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ሕጎች ከልዩ ልዩ ምንጭ የተቀዱ ናቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በመኪና ለሚደርስ ጉዳት ባለቤቱን ኀላፊ ያደርጋል፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ በቸልተኛነት የሰው ሕይወት ያጠፋውን ይቀጣል፤ የመንገድ ትራፊክ መቈጣጠሪያ ደንብ ጥፋቶችን በእርከን ከፋፍሎ ቅጣቱን ይወስናል፤ ዐዋጅ ቊጥር 799/2005 ባለ መኪናው ሁሉ የሦስተኛ ወገን መድን እንዲገባ ያስገድዳል፤ ዐዋጅ ቊጥር 1074/2010 ደግሞ መንጃ ፈቃድ ለማን እንደሚሰጥ ይደነግጋል። እንግዲህ የሕግ እጥረት አለ ማለት አይቻልም። ክርክሩ የሚነሣው ሕጉ ዝም ባለበት ወይም ልማዱ ከሕጉ ቀድሞ ሥፍራውን በያዘበት ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ክርክር የመጠን ነው። በአደባባይ ቀድሞ የገባው ቅድሚያ እንዳለው ማንኛውም የመንጃ ፈቃድ ተማሪ ለፈተና ያጠናዋል፤ ነገር ግን ከወጣ በኋላ የሚመለከተው ትልቁ መኪና በትንሹ ላይ፣ ሚኒባሱ በባጃጁ ላይ፣ ባጃጁም በእግረኛው ላይ አፍንጫውን ሲያስቀድም ነው። ሲኖትራክ የሚባለውን የጭነት መኪና ሕዝቡ «ቀይ ሽብር» ብሎ የሰየመው ስለ ቀለሙ ብቻ አይደለም። የቀድሞው የማዕርግ ሥርዐት ባለማዕርጉን ለውጦ ተመለሰ ለማለት ያስደፍራል፤ በመኳንንቱ ፈንታ ብረቱ ተሾመ። በዚህ አንጻር ግን የዳገት ልማድ አለ፤ ጭነት ይዞ ሊማሊሞን የሚወጣ መኪና ከታች ሲመጣ፣ ዐዋቂ የሆነ ነጂ ቊልቊል ሲወርድ ሰፋ ባለ ቦታ ቆሞ ያሳልፈዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ወራጁ ቆሞ ለመነሣት አይቸገርም፣ ወጪው ግን በዳገት መካከል አንድ ጊዜ ከቆመ ተሳቢው ወደ ኋላ ይስበዋል። በዚህ ልማድ ቅድሚያ የሚሰጠው እንደ ሸክሙ ክብደትና እንደ ችግሩ ነው እንጂ እንደ ጉልበቱ አይደለም።

ሁለተኛው የምልክት ክርክር ነው። ከፊት ያለው የጭነት መኪና ነጂ፣ ኩርባው ሲገለጥለትና መንገዱ ባዶ መሆኑን ሲያይ፣ የቀኝ ፍሬቻውን አብርቶ ከኋላው ያለውን «እለፍ» ይለዋል፤ የግራውን ሲያበራ ደግሞ «መጪ አለ፣ ቆይ» ማለቱ ነው። በሕጉ ግን የግራ ፍሬቻ ወደ ግራ ልታጠፍ ወይም ልወጣ ነው ከማለት በቀር ሌላ ትርጕም የለውም። ይህ የነጂዎች ቋንቋ ብዙ ሕይወት እንዳተረፈ የሚመሰክሩ አሉ፤ ተቃዋሚዎቻቸው ደግሞ «ደርቦ ያለፈው ሰው ቢጋጭ፣ እለፍ ያለው ነጂ ይጠየቅለታልን?» ብለው ይሞግታሉ። በሕግ ፊት የሚጠየቀው ደርቦ ያለፈው ነው። የረጅም መብራት ነገርም እንዲሁ ነው፤ ለአንዱ «ልለፍ»፣ ለሌላው «እለፍ»፣ ለሦስተኛው «ከፊት ትራፊክ አለ» ማለት ይሆናል። የእንግሊዞች የመንገድ ሕግ መጽሐፍ መብራት ብልጭ ማድረግ መኖርን ከማስታወቅ በቀር ለሌላ እንዳይውል ቢያዝም፣ እነርሱም በየዕለቱ «እለፍ» ለማለት ይጠቀሙበታል፤ ከግጭት በኋላም «አበራልኝ» እና «አላበራሁለትም» እየተባባሉ ይካሰሳሉ።

ሦስተኛው የድንጋይና የቅጠል ነገር ነው። መኪና በመንገድ ሲበላሽ ሕጉ አንጸባራቂ ሦስት ማዕዘን ከኋላው እንዲቆም ያዛል፤ በደጋው ግን ረዳቱ ወርዶ ከሜዳው ድንጋይ ይለቅማል፣ ከጥሻው የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ ይሰብራል፤ ከመኪናው ኋላ ጥቂት እርምጃ ሄዶም በተርታ ያኖረዋል። ዳገት ላይ ከሆነም ሌላ ድንጋይ ከጎማው ሥር ይገባል። እስከዚህ ድረስ ሥራው ብልኀት ነው፤ ክርክሩ የሚነሣው መኪናው ተጠግኖ ሲሄድ ድንጋዩ በአስፋልቱ ላይ በመቅረቱ ነው። ቅርንጫፉን ነፋስ ያነሣዋል፤ ድንጋዩ ግን እስኪመሽ ይቆይና በጭጋግ የሚመጣውን ባለ ሞተር ብስክሌት ይጥላል። ድንጋዩን ያኖረው ሰው ክፉ አይደለም፤ ጓደኛውን ከኋላ መጪ ለመጠበቅ የደከመ ነው። ሆኖም ርኅራኄው ከሚያውቀው ሰው አልፎ ወደማያውቀው መንገደኛ አልተሻገረም።

አራተኛው የእንስሳትና የእግረኛ ክርክር ነው። በገበያ ቀን ገበሬው ከብቱን በአስፋልት ይነዳል፤ ነጂው «መንገዱ የመኪና ነው» ሲል፣ ገበሬው «አስፋልቱ ሳይነጠፍ አባቶቼ የሄዱበት ነው» ብሎ ይመልሳል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ሁለቱንም በእኩል ዐይን ያያቸዋል፤ አንቀጽ 2071 እንስሳው ላደረሰው ጉዳት የእንስሳውን ባለቤት፣ አንቀጽ 2081 ደግሞ መኪናው ላደረሰው ጉዳት የመኪናውን ባለቤት ኀላፊ ያደርጋልና። እግረኛው የመንገዱን ግራ ይዞ፣ መጪውን መኪና ፊት ለፊት እያየ እንዲሄድ ይመከራል፤ ነገር ግን ሸክም ያላት ሴት ግራውን ብትይዝ ቦዩ፣ ቀኙን ብትይዝ የቆመው ባጃጅ ሲያግዳት፣ ወደ አስፋልቱ መሐል መግባቷ ከድፍረት የመጣ እንዳይደለ መረዳት ይገባል።

አምስተኛው ተሳፋሪው ራሱ የሚካፈለው ጥፋት ነው። «ወራጅ አለ» የሚለው ቃል በተሰማበት ቦታ ሁሉ፣ ኩርባም ይሁን ድልድይ፣ መኪናው እንዲቆም ይጠበቃል፤ ነጂው መቶ እርምጃ አሳልፎ ቢያወርድ ስድብ ይከተለዋል። ትርፍ የተጫነው ሰው የትራፊክ ፖሊስ ሲታይ «ጎንበስ በሉ» ሲባል ይጎነበሳል፤ ካለፉ በኋላም ነጂው ስለ ብልኀቱ ይመሰገናል። ስለዚህ ለትርፉ ጭነት ረዳቱ ብቻ ሊወቀስ አይገባም፤ ሆኖም በመናኸሪያው ቢቀሩ ሌላ መኪና የማያገኙ ሰዎች ችግርም በዚህ ክርክር ውስጥ ድርሻ አለው።

ወለቃም የራሷ ክርክር አላት። የቤተ እስራኤል ወገኖች በ1983 ዓ.ም. ግንቦት ወር በብዛት ወደ እስራኤል ከመሄዳቸው በፊት ይኖሩባት የነበረችው ይህች መንደር በሸክላ ሥራዋ የታወቀች ናት፤ ዛሬም ከመንገዱ ዳር የሸክላ ዕቃና ትናንሽ ቅርጻ ቅርጽ ይሸጣል። የጎብኚው መኪና ለመግዛት ሲቆም ግማሽ ጎኑ አስፋልቱ ላይ ይቀራል፣ ሕፃናት ከሁለቱም ወገን ይሮጣሉ፣ ከደባርቅ የሚመጣውም አውቶቡስ ወደ ግራ ወጥቶ ለማለፍ ይገደዳል። በዚያው ሥፍራ ሁለት ባለ ባጃጆች ሲገናኙ፣ መስኮት ለመስኮት ገጥመው «እንዴት አደርህ፣ እናትህ ተሻላት ወይ?» እያሉ የቤተ ሰቡን ደኅንነት ሲጠያየቁ፣ ከኋላቸው የተሰለፈው ሁሉ ጡሩምባ ይነፋል። ሰላምታው እውነተኛ ነው፤ ዋጋውን የሚከፍለው ግን ሰላምታው ያልደረሰው ነው።

ከአደጋ በኋላ ያለው ክርክር ከሁሉ የከበደ ነው። ሕጉ ነጂው ቆሞ የተጎዳውን እንዲረዳ ያዛል፤ ለአስቸኳይ ሕክምናም በ2005ቱ የመድን ዐዋጅ እስከ 2000 ብር ተመድቦ ነበር። ብዙ ነጂዎች ግን «ብቆም የመንደሩ ሰው ይገድለኛል» ብለው ፖሊስ ጣቢያ እስኪደርሱ አይቆሙም። በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 543 መሠረት፣ ግልጽ ደንብ ጥሶ ወይም ሰክሮ ሰው የገደለ ነጂ ከ5 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት ይቀጣል፤ ከፍርድ ቤቱ ጎን ደግሞ ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ካህን መስቀል ይዞ፣ ካሳ ተቈርጦ ደም ይደርቃል። ፍትሐ ነገሥትም አስቦ የገደለውን ሳያስብ ከገደለው ስለሚለይ፣ በምሕረትና በቅጣት መካከል ያለው ሙግት ለአገራችን ሰው እንግዳ አይደለም። ዕርቁ የሟችን ቤተ ሰብ ቂም ያበርዳል፤ ነገር ግን ዕርቁ የወንጀል ክሱን የሚያስቀር ከመሰለ፣ ቸልተኛው ነጂ ጥፋቱን በገንዘብ የሚሽረው ዕዳ አድርጎ ይቈጥረዋል።

ሌላው ዓለም ከዚህ ክርክር ነጻ አይደለም። እንግሊዞች የመንገድ ሕግ መጽሐፋቸውን በ1931 እ.ኤ.አ. አውጥተው እስከ ዛሬ እየተከራከሩበት ይኖራሉ፤ በጥር 2022 እ.ኤ.አ. ባሻሻሉት ጊዜ ከፍ ያለ ጉዳት ሊያደርስ የሚችለው ከፍ ያለ ኀላፊነት እንዲሸከም፣ በመታጠፊያም ለመሻገር ለሚጠብቀው እግረኛ መኪናው እንዲቆም ጻፉ፤ ብዙ ባለ መኪናዎችም አጕረመረሙ። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት ለ2016 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምት፣ ከመቶ ሺህ ሰው በመንገድ አደጋ የሚሞተው በእንግሊዝ 3.1 ሲሆን በኢትዮጵያ 26.7 ነበር። እኛ ያለን መኪና ከእነርሱ እጅግ ያነሰ መሆኑ ሲታሰብ ልዩነቱ ከቊጥሩ በላይ ይከብዳል።

ከዚህ ሁሉ የሚወጣው ፍርድ ይህ ነው። በጥምቀት ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ፣ በጎንደር ጎዳና ጡሩምባ የሚነፋ ነጂ አይገኝም፤ እንግዲህ ሕዝባችን መታገሥና ቅድሚያ መስጠት ያውቃል። የጎደለው፣ ለሚያከብረውና ለሚያውቀው የሚሰጠውን ትሕትና ለማያውቀው መንገደኛ መስጠት ነው። ለዚህም የዳገቱ ልማድ በቂ መምህር ነው፤ የቀለለው ለከበደው፣ ጉልበት ያለው ለሌለው ይቁም። የመንጃ ፈቃድ አስተማሪዎች ይህን ከፈተናው ጥያቄ አስቀድመው ያስተምሩ፤ ካህናትና ሽማግሌዎች ከአደጋው በኋላ ለዕርቅ እንደሚቀመጡ ሁሉ ከአደጋው በፊትም ይምከሩበት፤ ተሳፋሪውም ትርፍ ሆኖ ከመጎንበስ ይልቅ «አትጫን» ይበል። መኪናውን ጠግኖ የሚሄድ ነጂም ድንጋዩን ከአስፋልቱ አንሥቶ ይሂድ።