የጥርስ ማቃኛ ብሎን፤ መሪውና የሐኪሙ እጅ

የተዛነፈን ጥርስ በሌላ ጥርስ አስደግፈን ብንስበው መደገፊያውም አብሮ ይነቃነቃል። ስለዚህ ከ1.2 እስከ 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያላት ትንሽ ብሎን በጥርሶች ሥር መካከል፣ በመንጋጋው አጥንት ውስጥ ትተከላለች። ቦታው ጠባብ በመሆኑ ጥቂት ማዘንበል እንኳ የጥርሱን ሥር ሊያቆስል ይችላል።

በኮምፒዩተር የሚመራው አሠራር እንዲህ ነው፤ መጀመሪያ መንጋጋው በራጅ በሦስት አቅጣጫ ይነሣል፤ ቀጥሎ የብሎኗ መንገድ በኮምፒዩተር ይወሰናል፤ በመጨረሻም በጥርሶቹ ላይ የሚገጠም፣ ቀዳዳ ያለው መሪ ልባጥ ይሠራል።

መሪው በጀማሪና በባለልምድ መካከል ያለውን ልዩነት ያጠብባል እንጂ እጅን አይተካም። ልባጡ በደንብ መቀመጡን የሚያረጋግጠው፣ ብሎኗ ሥር ስትነካ የሚበረታውን ተቃውሞ ለይቶ የሚያቆመው ሐኪሙ ነው።

ይህ በወላይታ ለምትገኘው ለቤሌ ምን ይሆናታል? ባለልምዱ ሐኪም በሩቅ ከተማ ሆኖ ዕቅዱን ሊያወጣ፣ ልባጡም ሊላክ ይቻላል። በሽተኛው ግን አፉን የሚከፍተው በፊቱ ለቆመው ወጣት ሐኪም ነው። እንግዲህ መሪ መሣሪያ ተገኘ ተብሎ የልምምድ ጊዜ ሊያጥር አይገባም፤ ጀማሪው አስቀድሞ በሰው ሠራሽ መንጋጋ ላይ እጁን ይፈትን እንላለን።